የጉናጋዶ አርብቶ አደር ገጀራውን በገሎል እንጨት ይፈትናል

በሶማሌ ክልል በጀረር ዞን የሚገኘው የጉናጋዶ ወረዳ ሕዝብ በአብዛኛው በግመል፣ በፍየል፣ በበግና በከብት ርባታ የሚተዳደር ነው። በዚህ አገር የአርብቶ አደሩን ሀብት ሌሊት ከጅብና ከቀበሮ የሚጠብቀው ግንብ ወይም ቆርቆሮ ሳይሆን እሾህ ነው። በሶማሊኛ «ኦድ» የሚባለው የእሾህ አጥር መንደሩ በሠፈረበት ሥፍራ ሁሉ እንደገና ይታጠራል። ጀንበር ከመጥለቋ በፊት የበረቱ አፍ በእሾህ ቅርንጫፍ ካልተዘጋ ባለቤቱ እንቅልፍ የለውም። ስለዚህም ቅርንጫፉን የሚቆርጠው መሣሪያ ከቤቱ ዕቃዎች ሁሉ ቀድሞ የሚቆጠር ነው። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ እጀታው የወለቀ ወይም ስለቱ የተሸረፈ ገጀራ ለከተማ ሰው ተራ ኪሣራ ሊሆን ይችላል። ለአርብቶ አደሩ ግን በዚያች ሌሊት የፍየል መንጋውን የሚያሳጣ ነገር ነው።

የአጥር ሥራ ሦስት መሣሪያዎች ይፈልጋል። አንደኛው ግንድ የሚጣልበት መጥረቢያ፣ በሶማሊኛ «ጉዲን» የሚባለው ነው። ሁለተኛው «ሀንጎል» ሲሆን፣ ይህ በአንድ ጫፉ ባላ፣ በሌላው ጫፉ ሜንጦ የሆነ ረዥም በትር ነው፤ በሜንጦው የእሾህ ቅርንጫፍ ይጎተትበታል፣ በባላው ደግሞ ወደ አጥሩ ይገፋበታል። ሦስተኛው የክንድ ወፍራምነት ያለውንና ከዚያ ያነሰውን ቅርንጫፍ የሚመለምለው፣ እንደ ሰንጢ የማይታጠፈው ወፍራምና ረዥም ቢላዋ ወይም ገጀራ ነው። መጥረቢያ ሲገዛ ብዙ አይመረመርም፤ ብረቱ ወፍራም ስለሆነ ጉድለቱን ይሸፍናል። ትልቅ ቢላዋ ግን ቀጭን ሆኖ እንደ መጥረቢያ እንዲመታ የሚጠየቅ፣ በዚያው ስለት ገመድ እንዲቆርጥና ሥጋ እንዲበልት የሚፈለግ በመሆኑ፣ በሠሪው እጅ ላይ ትንሽ ስሕተት ከተፈጸመ ወዲያው ይጋለጣል።

ከጅጅጋና ከደጋሃቡር ገበያ የሚገኘው ገጀራ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከውጭ አገር በፋብሪካ ተሠርቶ የሚመጣው፣ ቀለም የተቀባ፣ እጀታው ፕላስቲክ የሆነው ነው። ሌላው በአገር ውስጥ ብረት ቀጥቃጮች የሚሠራው ነው። የፋብሪካው ገጀራ ዓይን ይስባል፤ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ነገር ግን ብዙው የተሠራው ለሸንኮራ አገዳና ለለምለም ቁጥቋጦ ነው። ስሱና ተጣጣፊ መሆኑ ለአገዳው በጎ ሆኖ ሳለ፣ የደረቀ ግራር ሲገጥመው ግን ይነጥራል፤ የነጠረ ገጀራ ደግሞ የሚያርፈው በመቺው ጉልበት ወይም ቅልጥም ላይ ነው።

በሶማሌ ሕዝብ ዘንድ ብረት ቀጥቃጮቹ «ቱማል» ይባላሉ። ወናፍ፣ መስፍ፣ መዶሻና ጉጠት ይዘው ጦር፣ ቢላዋና መጥረቢያ እየሠሩ ለትውልድ ያቆዩ ናቸው። ሙያቸው ሲፈለግ እነሱ ግን በጋብቻና በማዕድ ሲገለሉ መኖራቸው የታወቀ ነው። ይህ በሶማሌ ብቻ የታየ አይደለም። በደጋውም ብረት ቀጥቃጩን ቡዳ፣ ሸማኔውንና ፋቂውን ሌላ ስም እየሰጠ የሚንቅ ሕዝብ ስለነበረ፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ቢሆነውም፣ ገጀራውን በአድናቆት እየገዛ ሠሪውን በማዕዱ የማይጋብዝ ሰው ዛሬም አልጠፋም።

ከባሌስትራ የሚወጣ ስለት

ጥሩ ገጀራ የሚወጣው ከመኪና ባሌስትራ ነው። ባሌስትራ የመኪናን ጭነት ተሸክሞ እየተጎነበሰ እንዲመለስ ተብሎ የሚሠራ አረብ ብረት ስለሆነ 0.6 በመቶ ገደማ ካርቦን አለው። ይህ መጠን ብረቱ በእሳትና በዘይት እንዲጠነክር የሚበቃ ነው። የቤት መሥሪያ ፌሮ ግን በቂ ካርቦን ስለሌለው ቢነከርም ቢቀዘቅዝም ስለት አይይዝም፤ ሲያዩት ቢላዋ ይመስላል እንጂ በ2ኛው ቀን ዱልዱም ነው። ቀድሞ ባሌስትራ የሚገኘው ከአሮጌው የፊያት ኤንትሬ ነበር። በኋላ ግን ኢሱዙ በየመንገዱ ስለበዛ የቀጥቃጩ ጥሬ ዕቃ እሱ ሆኗል። ከሂማላያ ተራሮች ሥር የሚኖሩ የኔፓል ቀጥቃጮችም «ኩክሪ» የሚሉትን ጎባጣ ቢላዋቸውን ከመኪና ባሌስትራ ያወጡታል። ችግርና ብልሃት በየአገሩ ተመሳሳይ መንገድ ያስይዛሉ።

ባሌስትራው በከሰል እሳት ይግላል፤ በመዶሻ ይሳሳል፤ ጀርባው ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት እንዲቀረው፣ ወደ ስለቱ ግን እየቀጠነ እንዲሄድ ይደረጋል። ከዚህ በኋላ ያለው ደረጃ የሙያው ልብ ነው። ቢላዋው እንደገና ግሎ የበሰለ ብርቱካን ቀለም ሲይዝ በዘይት ውስጥ ይነከራል። ለዚህ የሚያስፈልገው ሙቀት ከ800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው። ሙቀት መለኪያ የሌለው ሠራተኛ ከአሮጌ ራዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት ሊጠቀም ይችላል፤ ብረት 770 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ማግኔት አይስበውምና፣ ማግኔቱ መያዙን ሲያቆም ጥቂት ጨምሮ ማጋል ነው። ሥራውም ከፀሐይ ብርሃን ርቆ በጥላ ቢደረግ ይመረጣል፤ በቀትር ፀሐይ የጋለ ብረት ቀለሙ አይታይምና ቀጥቃጩ ሳያውቀው ብረቱን ያቃጥለዋል። በውኃ ማቀዝቀዝ የለመደ ሰው ባሌስትራን በውኃ ከነከረ ብዙ ጊዜ ስለቱ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ይተርፈዋል። ስንጥቁ ወዲያው አይታይም። የሚታየው ገዢው አጥር ሊያጥር ከወጣ በኋላ ነው።

ከዘይት የወጣው ብረት እንደ ጠርሙስ ጠንካራና ተሰባሪ ስለሆነ መለዘብ አለበት። ጥቀርሻው ተፍቆ ብረቱ ነጭ ሆኖ ከታየ በኋላ ከ200 እስከ 250 ዲግሪ ባለው ለብ ያለ እሳት አጠገብ ይያዛል። በዚያን ጊዜ ነጩ ብረት መጀመሪያ የገለባ ቀለም፣ ቀጥሎ ቡናማ ቀለም ያወጣል። እሳቱ በጀርባው በኩል ከተሰጠ ጀርባው ይበልጥ ይለዝባል፣ ስለቱ ጥንካሬውን ይዞ ይቀራል። ለእንጨት መምቻ የሚሆን ቢላዋ እንዲህ ያለው ነው። ችኩል ሠሪ የሚዘለው ደረጃ ቢኖር ይኸው ማለዘብ ነው፤ ቢዘለውም ቢላዋው በመልኩ አያስታውቅም። ገዢ በእንጨት መፈተን ያለበትም በዚሁ ምክንያት ነው።

የእንጨቱ ዓይነት

ጉናጋዶ በታሪክ መጽሐፍ ስሟ የሚነሣው በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. በደጃዝማች ነሲቡ ዘአማኑኤል ይመራ የነበረው የኢትዮጵያ ሠራዊት ወደ ደጋሃቡርና ወደ ሐረር የሚገሠግሠውን የግራዚያኒን ጦር ከተጋጠመባቸው ሥፍራዎች አንዷ በመሆኗ ነው። ዛሬ ወደዚያ የሚሄድ ሰው የሚያየው ቀይ አፈርና የግራር ዱር ነው። ግራር ሲባል ግን አንድ ዛፍ አይደለም። አርብቶ አደሩ እያንዳንዱን በስሙና በጠባዩ ለይቶ ያውቀዋል።

«ቁራዕ» የሚባለው ጃንጥላ መሳዩ ግራር ጥላውና ፍሬው ለእንስሳት ይፈለጋል። «ብልዕል» ደግሞ ቁጥቋጦ ሆኖ እሾሁ እንደ መንጠቆ የተቆለመመ ነው፤ አንድ ጊዜ የያዘውን ልብስ ሳይቀድ አይለቅምና ለአጥር ተመራጭ ነው። ከሁሉም ጠንካራው «ገሎል» ነው። የገሎል ልጥ ገመድና ምንጣፍ ይሆናል፤ ረዥም ሥሩ ተጎንብሶ ሴቶች የሚሠሩትን «አቃል» የተባለውን ተንቀሳቃሽ ቤት ይሸከማል፤ እንጨቱ ደግሞ ከሰል ሲሆን እሳቱ ለረዥም ጊዜ ይቆያል። የደረቀ ገሎል የመታው ስለት ድንጋይ የመታ ያህል ይሰማዋል። በአንጻሩ የከርቤ ዝርያ የሆኑት ዛፎች እንጨታቸው ለስላሳ በመሆኑ ማንኛውም ቢላዋ ይቆርጣቸዋል። ሻጩ ዕቃውን በእነዚህ ላይ አሳይቶ ከሸጠ ገዢው ምንም አላየም ማለት ነው።

ፈተናው

የሚያውቅ ገዢ ፈተናውን የሚጀምረው ከዓይኑ ነው። ቢላዋውን በጀርባው በኩል ወደ ሰማይ አንሥቶ ቀጥ ማለቱን ያያል። ከዚያ እጀታውን በሁለት ጣት አንጠልጥሎ ብረቱን በጥፍሩ ወይም በትንሽ ብረት ይነካዋል። ያልተሰነጠቀ ብረት እንደ ደወል እየጠራ ይጮኻል፤ የተሰነጠቀ ግን እንደ ሸክላ ስባሪ «ጥፍ» ብሎ ይቀራል። ቀጥሎ ስለቱን በሞረድ ጫፍ መሞከር ነው። ሞረዱ ሳይዝ እንደ በረዶ ላይ ከተንሸራተተ ብረቱ በጣም ጠንክሯል፤ እንደ ቅቤ ከነከሰው ለስልሷል፤ በመጠኑ እያስቸገረ ከያዘ ግን የሚፈለገው እሱ ነው።

ይህ ካለፈ በኋላ ወደ እንጨቱ ይኬዳል። ፈተናው በቆመ ዛፍ ላይ መደረግ የለበትም፤ ወድቆ የደረቀ የገሎል ቅርንጫፍ በቂ ነው። ቅርንጫፉ በሌላ ግንድ ላይ ይጋደማል። ምቱ ቀጥ ብሎ ሳይሆን አግድም ዘመም ብሎ፣ አንድ ጊዜ ከቀኝ አንድ ጊዜ ከግራ መውረድ አለበት። እንዲህ ሲሆን ፍላጩ እየተፈናጠረ ይወጣል። ቀጥ ብሎ የሚመታ ሰው ቢላዋውን እንጨት ውስጥ ይቀረቅርና ለማውጣት ሲያወዛውዘው ስለቱን ይሰብራል፤ ከዚያም ሠሪውን ይረግማል። ሠላሳ ወይም አርባ ያህል ምት ከተመታ በኋላ ስለቱን ከፀሐይ ፊት አንሥቶ ማየት ነው። ስል የሆነ ስለት ብርሃን አያንጸባርቅም፤ መስመሩ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ያበራ ነጥብ ካለ በዚያ ቦታ ስለቱ ተኝቷል ወይም ተሸርፏል። የትኛው እንደ ሆነ በጥፍር ጎን ዳሰስ ሲያደርጉት ይታወቃል፦ የተኛው ወደ አንድ ጎን ይይዛል፣ የተሸረፈው ጉድጓድ ይሆናል።

ሁለቱ ጉድለቶች መድኃኒታቸው የተለያየ ስለሆነ ማምታታት አይገባም። ስለቱ የተኛ ከሆነ ብረቱ ለስልሷልና እንደገና ግሎ በዘይት መነከር አለበት። የተሸረፈ ከሆነ ደግሞ ጠንክሮ ቀርቷልና እንደገና ለብ ባለ እሳት ይለዝባል። አንዳንድ ጊዜ ግን ጥፋቱ የእሳቱ ሳይሆን የሞረዱ ነው፤ ስለቱ ለሥጋ እንደሚሆን ተደርጎ ከመጠን በላይ ቀጥኖ ከሆነ፣ ምንም ጥሩ ብረት ቢሆን ገሎል ፊት አይቆምም። እንዲህ ያለውን ጥቂት ወፍራም አድርጎ እንደገና መሳል ብቻ ይበቃዋል። ወደ ቱማሉ ተመልሶ የሚሄድ ገዢ በዕድሜ ለገፋው «አዴር» ብሎ በአክብሮት ጠርቶ ጉድለቱን ለይቶ ከነገረው ሥራው ይፋጠናል። «ቢላዋህ መጥፎ ነው» ብቻ ብሎ የሚወረውር ገዢ ግን በደረቁ ክርክር ቀኑን ይፈጃል።

ሦስተኛው ሙከራ መፍለጥ ነው። የቢላዋው ስለት በአጭር ጉማጅ አናት ላይ ይቀመጥና ጀርባው በእንጨት ዱላ እየተመታ ወደ ታች ይወርዳል። በዚህ ጊዜ ብረቱ ብቻ ሳይሆን እጀታውም ይፈተናል፤ ወደ እጀታው የሚገባው የብረት ጅራት አጭር ከሆነ እጀታው በጥቂት ምት ይላቀቃል። ጅራቱ እስከ እጀታው መጨረሻ ደርሶ በሁለት ወይም በሦስት ሪቬት የተያዘው ይጸናል። ዱላው ግን እንጨት መሆን አለበት። የቢላዋን ጀርባ በድንጋይ ወይም በመዶሻ መምታት ፈተና ሳይሆን ማጥፋት ነው። እንዲሁም ቋጠሮ ያለበትን ጉማጅ መምረጥ አያስፈልግም፤ ቋጠሮ የመጥረቢያ ሥራ ነው።

በመጨረሻ ያው ስለት ሳይሳል የገሎል ልጥ ገመድ ተንጠልጥሎ ይቆረጥበታል፣ ቀጭን እንጨትም ይላግበታል። ገመዱን ያኘከ ቢላዋ አልፏል ሊባል አይችልም። ሌላው ዓለም ይህንኑ በደንብ ጽፎ ይሠራበታል። በ1976 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የአሜሪካ ቢላዋ ቀጥቃጮች ማኅበር አባሉን ወደ መካከለኛ ደረጃ ከማሳለፉ በፊት፣ የሠራው ቢላዋ የተንጠለጠለ ወፍራም ገመድ በአንድ ምት እንዲቆርጥ፣ የቤት መሥሪያ አራት ማዕዘን እንጨት ሁለት ጊዜ እንዲበጥስ፣ ከዚያ በኋላ ሳይሳል የክንድ ፀጉር እንዲላጭ ይጠይቃል። ሁሉም ካለቀ በኋላ ቢላዋው በሞርሳ ተይዞ ሳይሰበር 90 ዲግሪ መጉበጥ አለበት። የመጨረሻው ሙከራ ቢላዋውን ስለሚያበላሸው የጉናጋዶ ገዢ ሊያደርገው አይችልም፤ የሚገዛው አንድ ነውና። ሦስቱ ግን የገሎል እንጨትና የገሎል ገመድ ባለበት ሁሉ ያለ ወጪ የሚደረጉ ናቸው።

ከፈተናው ጋር የሚሄድ ጥንቃቄ አለ። መቺው እግሮቹን ከፍቶ ይቆማል፤ ሁለት ክንድ በሚያህል ርቀት ውስጥ ሰው፣ በተለይም ሕፃን፣ አይጠጋም። እጀታው ላብ ሲነካው እንዳያንሸራትት እርጥብ የግመል ወይም የፍየል ቆዳ ይለበጥበታል፤ ቆዳው ሲደርቅ ስለሚጨማደድ እንጨቱን አጥብቆ ይይዛል። እንዲህ ሆኖም የሚቆረጥ እጅና የሚወጋ እግር አይጠፋም። ጤና ጣቢያ በራቀበት አገር በገጀራ ወይም በእሾህ የተጎዳ ሰው ቁስሉን በንጹሕ ውኃና በሳሙና ማጠብ፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ያልወሰደም እንደ ሆነ ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። አፈርና ፋንድያ የነካው ጥልቅ ቁስል ለዚህ በሽታ የተመቸ ነው።

ስለት የያዘ እጅና ዛፉ

ስለታም ገጀራ በበዛ ቁጥር ዛፉ ያልቃል የሚሉ አሉ። ነገሩ በከፊል እውነት ነው። ገሎልን ያጠፋው ግን የአጥር ቅርንጫፍ ሳይሆን የከሰል ንግድ ነው። የሶማሊያ ከሰል ወደ ዓረብ ባሕረ ሰላጤ አገሮች በብዛት ይጫን ስለነበረ የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በ2012 እ.ኤ.አ. ንግዱን እስከ ማገድ ደርሷል። ዛፉን ከሥሩ የሚጥለው መጥረቢያና መጋዝ ነው። ቅርንጫፍ የሚመለምል ሰው ዱልዱም ገጀራ ከያዘ ግን የከፋ ጉዳት ያደርሳል። ቅርንጫፉ ግማሹ ሳይቆረጥ በክብደቱ ይወርድና ልጡን እስከ ግንዱ ድረስ ገፍፎ ይሄዳል፤ በተገፈፈው ቦታ ምስጥና ነቀዝ ይገባል። ስል ገጀራ የያዘ ግን በመጀመሪያ ከሥር በኩል ጥቂት ይቆርጣል፣ ከዚያ ከላይ ይመታል፤ ቁስሉ ንጹሕ ሆኖ ይቀራል፣ ዛፉም እንደገና ያቆጠቁጣል።

ይህ በድርቅ ጊዜ ከሕይወት ጋር የተያያዘ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት 5 የዝናብ ወቅቶች፣ ማለትም «ጉ» እና «ዴር» እየተፈራረቁ ሳይሳኩ ሲቀሩ፣ በሶማሌ ክልል ሣሩ አልቆ ለፍየሉና ለግመሉ የቀረው የዛፍ ቅጠል ነበር። እንስሳው የማይደርስበትን ቅርንጫፍ እረኛው ቆርጦ ያወርድለታል። ያን ጊዜ ዛፉን ቆርጦ የጣለ ሰው የዛሬውን ቅጠል አገኘ፤ የሚቀጥለውን «ጂላል» ግን፣ ማለትም ከጥር እስከ መጋቢት የሚቆየውን ደረቅ ወራት፣ የሚሻገርበት የለውም።

ገጀራ የማያሸንፈው ዛፍም አለ። በ1970ዎቹ ዓመታት ወደ መካከለኛው አዋሽ የገባው ፕሮሶፒስ፣ አፋሮች «ደርጊ ሀራ» የሚሉት፣ ከአፋር አልፎ በሶማሌ ክልልም ተዛምቷል። ከመሬት በላይ የተቆረጠ ፕሮሶፒስ በአንድ ግንድ ፈንታ ብዙ ሆኖ ያቆጠቁጣል። ቢያንስ ከ10 ሴንቲ ሜትር በታች ከሥሩ ተቆፍሮ ካልተቆረጠ ድካሙ ከንቱ ነው። ለዚህ የሚሆነው ዶማና መጥረቢያ ነው፤ ስለት ያለውን ገጀራ ወደ አፈር የሚሰድ ሰው በአንድ ቀን የሁለት ወር ስለት ያጠፋል።

የፈተናው ልማድ ካለ፣ የሚፈተነውን የሚሠራው እጅ መኖር አለበት። የቀጥቃጭ ልጆች ወደ ከተማ ሲሄዱ የሚጠብቃቸው የብየዳ ሥራ ነው። የብረት በርና የመስኮት ፍርግርግ መበየድ ገንዘቡ ፈጣን ነው፣ «ቱማል» ተብሎ መሰደብም የለበትም። ብየዳ የሚያውቅ ወጣት ደግሞ ለገጀራ ሥራ ሩቅ አይደለም፤ ብረት ይለያል፣ ሞረድና መፍጫ ይዟል። የሚጎድለው ማጋል፣ መንከርና ማለዘብ ነው። ይህን በቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች የብየዳ ትምህርት ውስጥ ለጥቂት ሳምንታት ማስገባት ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። የሚያስፈልገው አንድ የከሰል ምድጃ፣ ማግኔት፣ አንድ ጣሳ ዘይት፣ አሮጌ ባሌስትራና ሥራውን ለማሳየት ፈቃደኛ የሆነ አንድ ሽማግሌ ቱማል ነው። ለሽማግሌው እንደ ማንኛውም አሠልጣኝ አበል ይከፈለዋል። የመፈተኛው እንጨት ከዱሩ ይመጣል።